በሩ ክፍት የነበረው ጋራዥ

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም በዚህ ትራፊክ ነድታችሁ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፤ ዩኒፎርማችሁን እንኳን አልቀየራችሁም። ቡናው እየተፈላ ነው። ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል እየተሟሟቁ ነው። ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል።

እንደምታውቁት ዛሬ ምርጫ አለብን። ማኅበሩን የመሠረትን ሰዎች ወንበራችንን የምንለቅበት ቀን ነው። ለእጩነት ከቀረቡት መካከል እዚሁ ማኅበር ውስጥ እስክስታ ተምረው ያደጉ ልጆች አሉ። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁልኝ «ገና ልጆች ናቸው እኮ» ብላችሁኛል። ሰምቻችኋለሁ። መልሱን ግን በስልክ መስጠት አልፈለግኩም። ዛሬ የአንድ ባሌት ቡድን ታሪክ አጫውቻችሁ፣ ከዚያ ውስጥ መልሴን እንድታገኙት ነው የምፈልገው።

ለምን ባሌት? ከልጆቻችን ውስጥ ባሌት የሚማሩት በየዓመቱ እየበዙ ነው። ቅዳሜ እዚህ መጥተው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ባሌት ክፍል ገብተው ያንኑ ትከሻ ዝቅ አድርገው ያሳርፉታል። እኔ በሁለቱም እኮራለሁ።

ቡድኑ የሃርለም ዳንስ ቴአትር ይባላል። የተመሠረተው ኒውዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በ1969 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

መሥራቹ አርተር ሚቸል በ1934 እዚያው ሃርለም ተወለደ። አባቱ ከቤት ሲለይ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡን ለመደጎም ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሠራ። በኋላ ለባሌት ትምህርት ስኮላርሺፕ አገኘ፤ በ1955 ደግሞ ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የሚባለው ትልቅ ቡድን ውስጥ ገባ።

በ1957 የቡድኑ መሪ ጆርጅ ባላንቺን አንድ አዲስ ሥራ አወጣ። አጎን ይባላል። በዚህ ሥራ መሐል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻቸውን የሚደንሱት ክፍል አለ። ባላንቺን ያንን ክፍል የሠራው ለሚቸልና ለዳያና አዳምስ ነው። ሚቸል ጥቁር ነው፤ ዳያና ነጭ ነበረች፤ ያውም የቨርጂኒያ ልጅ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክንድና እግራቸው ተጠላልፎ ይደንሳሉ። ዓመቱን አስቡት። ሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ ትምህርት ቤት በወታደር ታጅበው የገቡበት ዓመት ነው። በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ሚቸል ያንን ዳንስ የደነሰው በ1968 ነው። መድረክ ላይ በጭብጨባ የተቀበሉትን ሰው በቴሌቪዥን ለማየት 11 ዓመት ፈጀባቸው።

በዚያው በ1968፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደለ። ሚቸል በወቅቱ ብራዚል ውስጥ የባሌት ቡድን በማቋቋም ሥራ ላይ ነበር። ወሬውን የሰማው ወደዚያ ለመብረር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሄድ ነው። ሩቅ አገር ሄጄ ከምሠራ ለምን በተወለድኩበት ሰፈር አልሠራም ብሎ አሰበ። እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ረጅም ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኛም እኮ ሩቅ ያለውን እያየን አጠገባችን ያለውን ልጅ የምንረሳበት ጊዜ አለ።

ማስተማር የጀመረው 30 ልጆች ይዞ፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ 400 ደረሱ። እንዴት? አንደኛ፣ ወንዶቹ ታይት ለመልበስ ሲያፍሩ «በቁምጣችሁ ደንሱ» አላቸው። ሙዚቃው ላይ ከበሮ ጨመረበት። ሁለተኛው ነገር ግን ከሁሉም የበለጠ የምወደው ነው። ጋራዥ ውስጥ ሲያስተምር በሩን ክፍት ይተወው ነበር። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ልጆች በበሩ አጮልቀው ያያሉ፤ ከዚያ ይገባሉ። ዛሬም ትምህርት ቤቱ 152ኛው ጎዳና ላይ፣ ድሮ ጋራዥ የነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው።

ብቻውን አልነበረም። ካሬል ሹክ የሚባል ነጭ መምህር ነበረው፤ በወጣትነቱ ያስተማረው ሰው ነው። ሹክ አምስተርዳም በሆላንድ ብሔራዊ ባሌት ይሠራ ነበር። ያንን ትቶ ሃርለም መጣና ቡድኑን አብሮት መሠረተ። አስተማሪ የተማሪውን ሕልም ሊያግዝ ሲመጣ ደስ ይላል። ሹክ በ1985 እስኪያርፍ ድረስ እዚያው ነበር።

አሁን ወደ ጫማው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የራሴም ጉዳይ ነው።

የባሌት ታይትና በጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ ሮዝ የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ነጭ ዳንሰኛ ስትለብሰው ከቆዳዋ ጋር ይቀራረባል። ዓይናችን ከወገቧ ተነሥቶ እስከ ጣቷ ጫፍ አንድ ረጅም መስመር ያያል። ቆዳዋ እንደኛ የሆነች ልጅ ያንኑ ሮዝ ስትለብስ ግን መስመሩ ይቆረጣል። ላይዋ ሌላ፣ እግሯ ሌላ ሰው ይመስላል። የሃርለሙ ቡድን በ1974 ሮዙን ተወው። እያንዳንዷ ዳንሰኛ በራሷ ቆዳ ልክ ታይቷን ነከረች፤ ጫማዋን ቀባች። አንዷ እንደ ማር፣ አንዷ እንደ ቡና፣ አንዷ እንደ ጠይም ጤፍ። አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ግን ሁሉም መስመራቸው አልተቆረጠም።

ከዓመታት በፊት የእኔ ልጅ የምትማርበት ቦታ ለዝግጅት የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዝርዝር ሰጡን። «የቆዳ ቀለም ያለው ታይት» ይላል። ሱቅ ሄድን። ሻጯ ያመጣችልን የኮክ ፍሬ የመሰለ ነገር ነው። ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ታይቱን ክንዷ ላይ አስጠጋችና «እማዬ፣ የማን ቆዳ?» አለችኝ። ምን እንደምላት አላወቅኩም። ማታ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጋዜጣ ሸፈንኩ። የራሴን ፋውንዴሽን በስፖንጅ እያነሣሁ ጫማዋን ቀባሁት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ ከማታ ሥራ ሲገባ አየንና ምንም ሳይጠይቅ እጁን ታጥቦ ሪባኑን ያዘልኝ። በማግሥቱ ልጄ ስትደንስ እግሯ እግሯን መሰለ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ሌሊት ያሳለፋችሁ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ታዋቂ የለንደን ጫማ ሠሪ ለጥቁር ዳንሰኞች የሚሆኑ ሁለት ቀለሞች ማምረት የጀመረው በ2018 ነው። ከ1974 ስንቆጥር 44 ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የሠሩት ዳንሰኞቹ ራሳቸውና ወጥ ቤት ውስጥ ስፖንጅ የያዙ እናቶች ናቸው።

በ1984 ቡድኑ ጂዜልን ሠራ። ጂዜል የ1841 የፓሪስ ባሌት ነው። አንዲት የገጠር ልጅ ባላባትነቱን ደብቆ የቀረባትን ሰው ትወዳለች፤ እጮኛ እንዳለው ስታውቅ ልቧ ተሰብሮ ትሞታለች። የሃርለሙ ቡድን ታሪኩን ከአውሮፓ መንደር አንሥቶ ወደ ሉዊዚያና ወሰደው፤ በ1840ዎቹ ነፃ የወጡ ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ማኅበረሰብ። እዚያ የሰው ክብር የሚለካው ቤተሰቡ ከባርነት ከወጣ ስንት ትውልድ ሆነው በሚል ነው። የልጅቷ ቤተሰብ ቅርብ ነው የወጣው፤ የሰውዬው ቀደም ብሎ ነው። እርምጃው ያው የድሮው ነው። ሙዚቃውም ያው። የተቀየረው ቦታው ነው። ግን ያ ባሌት ድንገት ስለራሳቸው የሚናገር ሆነ። «ዘርህ ከየት ነው? አባትህ ማነው?» የሚለውን ጥያቄ የምናውቅ ሰዎች ይህ ታሪክ አይጠፋንም። የድሮውን ነገር ሳያበላሹ የራስ ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌም የምጠቅሰው ይህን ሥራ ነው።

ጂዜልን ሆና የደነሰችው ቨርጂኒያ ጆንሰን ናት። እዚሁ ዋሽንግተን በ1950 የተወለደች። መጀመሪያ ያስተማረቻት ቴሬል ስሚዝ ናት፤ በዚህ ከተማ ጥቁር ልጆች ባሌት የሚማሩበት ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት። ጆንሰን ጎበዝ ነበረች። ሆኖም የባሌት ትምህርቷን ስትጨርስ በቆዳዋ ምክንያት የትም ቡድን እንደማይቀጥራት ተነገራት። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከዚያ ሚቸል ሃርለም ውስጥ እንደሚያስተምር ሰማች። ሄደች፤ ቀረች። ከመሥራች አባላቱ አንዷ ሆነች፤ 28 ዓመት ደነሰች። በ1997 መድረኩን ስትተው ሙያውን አልተወችም፤ ለባሌት ዳንሰኞች መጽሔት አቋቁማ አዘጋጅ ሆነች።

ቡድኑ ብዙ አገር ዞሯል። በ1992 ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ደንሷል፤ አፓርታይድ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይወድቅ። ሚቸል በ1993 እዚሁ ኬኔዲ ማዕከል ተሸልሟል። ሽልማቶቹን ብዘረዝር ቡናው ይቀዘቅዛል።

የምፈልገው ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው። በ2004 ቡድኑ ዕዳ ውስጥ ገባና ለስምንት ዓመት መደነስ አቆመ። 44 ዳንሰኞች ነበሩት። ተበተኑ። ለአንድ ዳንሰኛ ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጉልበቱ የሚቆየው ስንት ነው? በዚያ መሐል ጫማቸውን የሰቀሉ፣ ሌላ ሥራ የያዙ አሉ። ትምህርት ቤቱ ግን ማስተማሩን ቀጠለ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እየመጡ የመለማመጃውን ዘንግ ይዘው ይለማመዱ ነበር። መድረክ በሌለበት ጊዜ ቤቱን ያቆመው የልጆች ክፍል ነው። ገንዘብ ያዥያችን የቅዳሜውን ክፍል ለጊዜው እንዝጋው ሲሉ እኔ ለምን እንዲያ እንደተከራከርኩ አሁን ይገባችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እሳቸውም የሚሉት ለማኅበሩ አስበው ነው፤ አውቃለሁ።

ሚቸል ቡድኑን ሊያስነሣ ሲፈልግ የጠራው ቨርጂኒያ ጆንሰንን ነው። በ2010 አርቲስቲክ ዳይሬክተር ሆነች። በ2012 ቡድኑ ወደ መድረክ ተመለሰ። 18 ዳንሰኞች ብቻ ይዞ። እኔ ይህን ውሳኔ በጣም አከብራለሁ። «እንደ ድሮው ትልቅ ካልሆንን አንጀምርም» አላለችም። ባላት ጀመረች።

በ2023 ደግሞ እሷም አስረከበች። የተረከበው ሮበርት ጋርላንድ ነው። ጋርላንድ በዚያው ቡድን ደንሷል፤ የቡድኑ የራሱ ኮሪዮግራፈር፣ ማለትም ዳንስ ደራሲ፣ ሆኖ ሠርቷል፤ ትምህርት ቤቱን መርቷል። በ1999 በአሬታ ፍራንክሊንና በጄምስ ብራውን ዘፈኖች የሠራው ባሌት አለ። ቪዲዮው ላይ እግሩ ንጹሕ ባሌት ነው፤ ወገቡ የሰፈር ድግስ ነው። ልጆቻችን ሲያዩት ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታቸው።

እንግዲህ ከ1969 እስከ ዛሬ መሪዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ተከታዮች እዚያው ቤት ውስጥ ላባቸውን ያፈሰሱ ናቸው። እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር፤ ሚቸልን እጅግ አከብራለሁ፣ በ2018 ሲያርፍ አልቅሻለሁ። ግን አንድ ሰው 40 ዓመት መሪ መሆኑ ረጅም ነው። ጆንሰን 13 ዓመት መርታ ማስረከቧን ይበልጥ እወድላታለሁ። በሕይወት እያለች፣ ከጋርላንድ አጠገብ ሆና፣ ሲጠይቃት መልስ መስጠት እየቻለች አስረከበችው።

ለዛሬ ምርጫ «ገና ልጆች ናቸው» ላላችሁኝ መልሴ ይኸው ነው። አዎ፣ ልጆች ናቸው። የዚህ ቤት ልጆች። የቅዳሜውን ክፍል ቁልፍ የት እንደምናስቀምጥ ያውቃሉ። የትኛው ልጅ አያቱ ስለሞቱበት ዝም እንዳለ ያውቃሉ። ከእኛ የተሻለ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ አማርኛቸው ሲሰናከል ደግሞ አያቶች ያርሟቸዋል። እኛም ወዴትም አንሄድም። አጠገባቸው ነን።

አሁን ወደ አጀንዳው እንግባ። የመጀመሪያው የጫማው ጉዳይ ነው። ባሌት የሚማሩ ልጆቻችን በቆዳቸው ልክ የሆነ ጫማና ታይት የሚገዙበት አነስተኛ ድጎማ እንዲኖር ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቧል። በጣት ጫፍ የሚደነስበት ጫማ ቶሎ ያልቃል፤ ወላጅ ብቻውን አይችለውም። ሁለተኛው የአዳራሽ ኪራይ ነው። ሦስተኛው ምርጫው። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ቡናው አጠገብ ነው ያለው።

በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ክፈቱት። ከበሮውን ሰምተው ኮሪደሩ ላይ የቆሙ ሰዎች ይታዩኛል። ይግቡ፤ ወንበር አለ።

ጉባኤው ተከፍቷል።