ጭራሮ፣ ካርድና ባቄላ፦ 60 ልጅ ባለበት ክፍል በእጅ ማስተማር

ክቡራን የኮሌጁ አመራሮችና መምህራን፣ በቅርቡ ለልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የምትወጡ እጩ መምህራን፤ እንደምን አደራችሁ።

ልጅ በእጁ ነክቶ ሲማር የተሻለ ይገባዋል የሚለውን ለማሳመን አልመጣሁም። ይህን ፈተና ላይ ጽፋችሁ ማርክ አግኝታችሁበታል። እኔ የምናገረው ያው ተግባር ክፍል ውስጥ ሲገባ ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚበላሽ ነው። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ዕቃው ከመምህሩ እጅ ወደ ልጆቹ ዴስክ ሲሄድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹ ዕቃውን እንደያዙ መምህሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ሐሳቡ ራሱ ደካማ ሆኖ የሚበላሽ ተግባር ጥቂት ነው።

ከዴስኩ እንነሳ። 60 ተማሪ በ20 ዴስክ፣ በአንዱ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል እንበል። የተለመደው አሠራር የፊተኛውን ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ አዙሮ ስድስት ስድስት ማቧደን ነው። ለውይይት ይሆናል። ለዕቃ ሥራ ግን አይሆንም፤ ሁለቱ ይነካሉ፣ አራቱ ያያሉ፣ ከአራቱም ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ጨዋታ ይጀምራሉ። ስለዚህ ለዕቃ ሥራ ቡድናችሁ ዴስኩ ይሁን። አንዱ ልጅ ይሠራል፣ ሁለተኛው የሚሠራውን በቃል ይናገራል፣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ይጽፋል። በእያንዳንዱ ጥያቄ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁሌም ፈጣኑ ልጅ ብቻ እንዳይሠራ ለውጡን የምታዙት እናንተ ናችሁ፤ ለልጆቹ ከተዋችሁት አይለወጡም።

አሁን ወደ ጭራሮው። ሁለተኛ ክፍል፣ ባለ ሁለት አሃዝ መቀነስ፣ 43 − 17። ልጆች በብዛት የሚጽፉት ስህተት 34 ነው። ከ3 ላይ 7 አይቀነስም ብለው ገልብጠው ከ7 ላይ 3 ይቀንሳሉ፣ 4 ያገኛሉ፤ ከዚያ ከ4 ላይ 1፣ 3። ይህ ስህተት ከግድየለሽነት የመጣ አይደለም። ልጁ 43ን የሚያየው 4 እና 3 የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እንደቆሙ አድርጎ ነው። አራቱ አርባ መሆኑን በእጁ ካልያዘው በቃል ብቻ አይቀበለውም።

ለአንድ ዴስክ 50 ጭራሮ ይበቃል፤ ለ20 ዴስክ 1,000 መሆኑ ነው። እናንተ አትልቀሙ። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ወይም ከግቢው 17 ያምጣ፤ 1,020 ይሆናል፣ ትርፉ 20 ለተሰበረው ነው። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ 17 ጭራሮ ቆጥሮ ማምጣት ራሱ አንድ የቤት ሥራ ነው። ርዝመቱ የጣት ያህል ይሁን፤ ረጅሙ ከዴስክ ላይ ይንከባለላል፣ ለጠብም ያመቻል። እሾህ ያለውን በር ላይ አስቀሩት። ጭራሮው አስር አስር እየሆነ ይታሰራል፣ አንዱን እስር እንለዋለን፤ ለማሰሪያ ላስቲክ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ክር፤ ክሩ ግን ልጁ ራሱ በሚፈታው ቋጠሮ ይታሰር። እየዞራችሁ ቋጠሮ ስትፈቱ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

እስሩን አስቀድማችሁ አስራችሁ አትምጡ። ዝግጅት ጠንቅቆ የሚሠራ መምህር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልጁ ራሱ አስር ቆጥሮ ያላሰረውን እስር አስር ነው ብሎ አያምንም፤ በተጠየቀ ቁጥር እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያውን 40 ደቂቃ ሙሉ ለማሰር ብቻ ስጡት። መቀነሱ ለነገ ይደር።

በማግስቱ እያንዳንዱ ዴስክ 4 እስርና 3 ነጠላ ያወጣል። የቀሩት 7 ጭራሮዎች ከረጢት ውስጥ ይቅሩ፣ ከረጢቱም ይታሰር። ዴስኩ ላይ ካሉ፣ ከ3 ነጠላ 7 መውሰድ ያቃተው ልጅ እጁን ወደ ትርፉ ይሰድዳል፤ መልሱ ይበላሻል፣ ለምን እንደተበላሸም ማንም አያውቅም። ከዚያ 7 ነጠላ ውሰዱ በሏቸው። አይበቃም ይላሉ። ምን ይሻላል? ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ከሃያው ዴስክ አንዱ እስር ሲፈታ ታያላችሁ።

እስሩ እንደተፈታ የምትጠይቁት ጥያቄ የትምህርቱ እምብርት ነው፦ «አሁን ዴስካችሁ ላይ በጠቅላላ ስንት ጭራሮ አለ?» መልሱ አሁንም 43 ነው፤ ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተወሰደም። ብዙ ልጆች ግን ሌላ ቁጥር ይነግሯችኋል ወይም እንደገና ይቆጥራሉ። እንደገና የሚቆጥረውን ልጅ አትቆጡ፤ ገና መሆኑን እየነገራችሁ ነው። ሳይቆጥር 43 ያለው ልጅ 3 እስርና 13 ነጠላ ከ4 እስርና 3 ነጠላ ጋር እኩል መሆኑን አውቋል፣ ቀሪው ጽሕፈት ብቻ ነው።

ጽሕፈቱን ግን ለኋላ አታቆዩት። እስሩ በተፈታበት ቅጽበት ሰሌዳው ላይ 4 ይሰረዝና 3 ይጻፍ፣ በአንድ ቤት ያለው 3 ደግሞ 13 ይሁን። 7 ሲወሰድ 6 ይጻፍ፤ አንድ እስር ሲወሰድ 2፤ መልሱ 26። ጭራሮውን ጨርሰን እንሰብስብና ወደ ሰሌዳ እንሂድ ካላችሁ ልጁ ሁለት ትምህርት ተማረ፦ አንድ የጭራሮ፣ አንድ የሰሌዳ። ሁለቱን የሚያገናኝለት የለም፤ በፈተና ቀንም 34 ይጽፋል። አንዳንድ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ አንዱን እስር ወስዶ ከዚያ ነጠላውን ይቀንሳል። ትክክል ነው፣ ተዉት። ከዚህ በኋላ 40 − 17 ስጧቸው፤ ነጠላ የሌለበት ቁጥር ማን እንደገባውና ማን ቅደም ተከተሉን እንደሸመደደ ይለይላችኋል።

ቆርኪስ? የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቆርኪ እስከ 10 ለመቁጠርና ለመደመር ጥሩ ነው፤ ለእስር ግን አይሆንም፣ አይታሰርምና። በምስማር በስቶ በክር መሰካት ይቻላል፤ የተበሳው ጠርዝ ግን ጣት ይቆርጣል። ዴስኩ ዘቅዘቅ ያለ ከሆነ ቆርኪው ሁሉ ወለል ላይ ነው፤ የካርቶን ክዳን እንደ ትሪ ተጠቀሙ።

ወደ ፊደል ልለፍ። አንደኛ ክፍል። 33ቱን ፊደላት በሰባት ስታባዙ 231 ይመጣል። ይህን ሁሉ ለ20 ዴስክ በካርድ እሠራለሁ ያለ መምህር 4,620 ካርድ ይቆርጣል ማለት ነው፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጀምር ይሰለቻል። ስምንት ካርድ ይበቃል፦ ላ፣ ም፣ ሰ፣ በ፣ ማ፣ ቤ፣ ት፣ ለ። ለ20 ዴስክ 160 ካርድ፤ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን፣ መቀስ፣ አንድ ጥቁር ማርከር። ከስምንቱ ላም፣ ሰም፣ ሰማ፣ ሰላም፣ በላ፣ ቤት፣ ለበሰ፣ ማለት ይወጣሉ። በየሳምንቱ ሁለት ካርድ ጨምሩ፣ ቃላቱ ይበዛሉ።

የካርዱ ጥቅም ቅደም ተከተሉን መስበሩ ነው። ልጆቻችን ለ ሉ ሊ ላ እያሉ በዜማ መዝለቅ ይችላሉ። ላን ለብቻዋ ስታሳዩት ግን ከለ ጀምሮ በሹክሹክታ እየቆጠረ አራተኛዋ ላይ የሚደርስ ልጅ ብዙ ነው። ከንፈሩን ተመልከቱ፤ ይንቀሳቀሳል። ይህ ልጅ ዜማውን ያውቃል እንጂ ፊደሏን ገና አላወቃትም። ላም የሚለውን ለማንበብ ሁለት ጊዜ መቁጠር ካለበት ቃሉ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ግን ሙሉ ክፍለ ጊዜ የምታበላሽ ነገር አለች። በ ተገልብጣ ስትቀመጥ ሀ ትመስላለች፤ ሠ ተገልብጣ ጠ ትመስላለች። ሦስት ልጆች በአንድ ካርድ ዙሪያ ሲቀመጡ አንዱ በግልባጩ ነው የሚያየው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ ወደ ሆዳችሁ ይሁን በሏቸው። እንደ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ያሉትን፣ በአናታቸው ምልክት ብቻ የሚለዩትን፣ በአንድ ሳምንት አታስገቡ፤ አንዱ ይጽና። ሰ እና ሠን፣ ሀ፣ ሐ እና ኀን ለጊዜው በአንድ ከረጢት አትቀላቅሉ፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ጆሮው የሚለይበት ነገር የለውም።

የባቄላው ሥራ ለአካባቢ ሳይንስ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያበላሸዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱ ይቆረጥ። ውስጡ በጨርቅ ወይም በሶፍት ይሸፈን፣ ዘሩ በጨርቁና በጠርሙሱ ግድግዳ መካከል ይግባ፤ ሥሩ ከውጭ እንዲታይ። ዘሩ ከዋዜማው ሌሊት ይዘፍዘፍ። ጨርቁ ይርጠብ፣ ከታች ግን ውኃ አይቋጥር። በጣም የተለመደው ጥፋት እያንዳንዱ ልጅ በየተራው «ላጠጣ» ማለቱ ነው፤ ዘሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ ሽታውም ይመሰክራል። ለጠርሙሱ አንድ አጠጪ መድቡ፣ በቀን አንድ የቆርኪ ውኃ።

ክክ አይበቅልም፤ ፅንሱ ሲከካ ተለያይቷል ወይም ወድቋል። የተቆላም አይበቅልም። እነዚህን ሁለቱን ሆን ብላችሁ ከደህናው ጎን አስገቧቸው፤ ልጆቹ አስቀድመው ይገምቱ። የዘር መድኃኒት የተቀባ እህል ግን፣ ብዙ ጊዜ ቀለም ስላለው ያስታውቃል፣ ክፍል አይግባ። ትንንሾቹ ልጆች ባቄላ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታሉ፤ ቆጥራችሁ ስጡ፣ ቆጥራችሁ ተቀበሉ።

አንዱን ጠርሙስ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ሌላውን መስኮት ላይ አድርጉ። ሁለቱም ይበቅላሉ። ዘር ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል የሚል መልስ ደብተር ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ባቄላ ግን ምግቡን በውስጡ ስለያዘ በጨለማም ይበቅላል። ብርሃን የሚያስፈልገው ያ ስንቅ ሲያልቅ ነው። የጨለማው ረዝሞ፣ ገርጥቶ፣ ቀጥኖ ይወጣል፤ ልጆቹ «ይሄኛው በለጠ» ይላሉ። ተዉአቸው፣ ከሳምንት በኋላ ሲወድቅ ያዩታል። ቦሎቄ ካገኛችሁ ጎን ለጎን በአፈር ዝሩ፤ የቦሎቄ ሁለቱ ክኮች ከአፈር በላይ ይወጣሉ፣ የባቄላው ግን አፈር ውስጥ ይቀራሉ። በሥዕል ደብተር ላይ ከዚህ የተሻለ ንጽጽር አላውቅም።

ዘሩን ሰኞ ጀምሩ፣ ሥሩ ቅዳሜና እሁድ ሰው በሌለበት ብቅ እንዳይል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ከመተማ ቆላ ይልቅ ቀናት ይዘገያል። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ጠርሙሱን ለከሰዓቱ ፈረቃ መምህር አስረክቡ፤ ካላስረከባችሁ ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ነው የምታገኙት። ያገኛችሁት ባዶ ጠርሙስ የአይጥ ሥራም ሊሆን ይችላል።

ስለ ልኬትና ስለ ክፍልፋይ በአጭሩ። የሜትር ገመድ ከሲባጎ አትሥሩ፤ ሲሳብ ይረዝማል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተቆረጠ ጠርዝ ይሻላል። ልጆች ከ0 ሳይሆን ከ1 ጀምረው ይለካሉና፣ መጀመሪያው የተሰበረ ማስመሪያ ስጧቸው፤ ከ3 እስከ 8 ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይጨነቁበት። ክፍልፋይን በክብ ወረቀት አትጀምሩ፤ ክብ ለሁለትና ለአራት ይታጠፋል፣ ለሦስት ሲሆን ግን እኩል አይወጣም። ረጅም ሰርጥ ወረቀት ይሻላል። ለስምንት አጥፈው አንድ ስምንተኛውን ከአንድ አራተኛው ላይ ይደርቡት፤ 8 ከ4 ስለሚበልጥ አንድ ስምንተኛ ይበልጣል ያለው ልጅ በዓይኑ ያየዋል።

ለልምምድ የምትሄዱበት ትምህርት ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ዴስክ ቁጠሩ። ከዚያ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉን፣ የማስተማሪያ መርጃ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን ክፍል፣ አስከፍቱና ውስጡ ያለውን እዩ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ያማረ ቻርት ይኖራል፣ ለ20 ዴስክ የሚሆን ነገር ግን አይኖርም። የምትሠሩትን ከረጢት ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፉበት፣ ውስጡ ስንት ዕቃ እንዳለም በላዩ ላይ። ለመሰብሰብ ከ40 ደቂቃው የመጨረሻዎቹን አምስት ያዙ፤ ቆጥሮ ያላስረከበ ዴስክ ለዕረፍት አይውጣ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ እንቀጥል።