የሃዲንግተን ፍርድ ቤት ዳኛውን ይመልስ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ከተማችን ስለ ሃዲንግተን፣ ከኤድንብራ በስተ ምሥራቅ ስላለችው የስኮትላንድ ከተማ፣ የፍርድ ቤት ሕንፃ ታሪክ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። እናገራለሁ። ግን የሆዴን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ኮርት ስትሪት ላይ ያለውን የጥርብ ድንጋይ ሕንፃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1833 የተሠራ ነው። ንድፉ የኤድንብራው ተወላጅ የዊልያም በርን ነው። ይኸው ሰው በ1836 የኢንቨርነስን ፍርድ ቤት ሲሠራ ኮረብታ ላይ ግንብ አቆመ። እዚህ ግን የእንግሊዝ የቱዶር ነገሥታት ዘመን ቤቶችን ዘይቤ መረጠ። በእኔ ዓይን የእኛው ይበልጣል። ቁልቁል አያይህም፤ መንገድ ዳር ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ በስኮትላንድ ባላባቱ በገዛ ጭሰኛው ላይ ይፈርድ ነበር፤ ዳኝነቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ1746 የወጣው ሕግ ይህን ሻረ። ከዚያ በኋላ ዳኝነት የዘውዱ ሆነ፤ የአውራጃው ዳኛ፣ ሸሪፍ የሚባለው፣ በየአውራጃው ማስቻያ ቤት አስፈለገው። የበርን ድንጋይ የቆመው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ችሎቱ ተዘጋ። ጉዳዩ ሁሉ ወደ ኤድንብራ ሄደ።

ያንን ወንድማችንን ታስታውሱታላችሁ። የሰው ቤት ቀለም ቀብቶ ገንዘቡን የተከለከለውን። ላስተረጉምለት አብሬው ሄድኩ። ሃዲንግተን ባቡር የላትም። አውቶቡሱ ዘገየ፤ መንገዱ ተዘጋጋ። ስንደርስ ስሙ ተጠርቶ አልፏል። ሌላ ቀን ተቀጠረ። ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ አዲሱ አሠሪው ፈቃድ ከለከለው። ሁለት ልጆች አሉት፤ ሥራውን ሊያጣ ነው። በመጨረሻ «ይቅርብኝ» አለ። ተረትቶ ቢሆን እሺ! ማንም ሳይሰማው ነው የቀረው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው ያሳደጉን ይህን ነበር።

ወጪ ለመቆጠብ ነው ተባልን። የማን ወጪ? የአውቶቡሱን ማን ከፈለ? የቀረበትን የቀን ደሞዝስ ማን ከፈለ? በ1860 የወጣው ሕግ እኮ ለየአውራጃው ፍርድ ቤት ማሠሪያ ግማሹን ከመንግሥት ካዝና ያስከፍል ነበር! የዛሬዎቹ ከ2013 እስከ 2015 አሥር የሸሪፍ ፍርድ ቤቶች ዘጉ። ፒብልስ፣ ደንስ፣ ስቶንሄቨን፣ ኩፓር... ድንጋዩ በቅርስነት ይጠበቃል ይሉናል። ዳኛውንስ ማን ይጠብቅልን?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ዳኛ እዚህ ከተማ ይቀመጥ። የፊርማው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ።