ሦስተኛው ብሎን ላይ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ክፍል ቃል የገባሁላችሁን የእማዬን ጉዳይ ዛሬ አላነሣም፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ፣ እርሱን ሳልናገር ሌላ ወሬ ማውራት አልቻልሁም።

ግድግዳዋን ወጣኋት። ሰባት ጊዜ ሞክሬ ሰባት ጊዜ የወደቅሁባትን ያቺን የዘጠኝ ሜትር አለት በስምንተኛው ከእግሯ እስከ አናቷ ደረስሁባት። ገመዴን ከታች የሚይዙልኝ ጋሼ «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ፤ ፍየል የሚጠብቁት ልጆችም አጨበጨቡ። እናንተም «እንኳን ደስ ያለሽ» እያላችሁ እስከ ዛሬ ትጽፉልኛላችሁ፤ እኔ ግን እያንዳንዱን መልእክት ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል።

የሆነውን ልንገራችሁ። አለቷ ፊቷን ወደ ምዕራብ ስለሰጠች ጠዋት ጠዋት ጥላ ናት። ለዚህም ነው ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ በባጃጅ ከሐዋሳ የምንወጣው፤ ድንጋዩ ከሞቀ ጣት ያልበዋል፣ ጫማውም ይንሸራተታል። ገመድ እንዲያያዝባቸው አለቷ ላይ የተተከሉት ብሎኖች አራት ብቻ ናቸው። እስከ ሁለተኛው ድረስ ያለውን እጄም እግሬም ያውቁታል። ሦስተኛው ላይ ገመዱን ካራቢነሩ (የሚከፈትና የሚዘጋው የብረት ቀለበት) ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ግን ቀኝ እግሬን እስከ ጉልበቴ ከፍታ አንሥቼ፣ የጥፍር ስፋት ባላት ጠርዝ ላይ አሳርፌ፣ መላ ሰውነቴን በእርሷ ላይ ማቆም አለብኝ። ግራ እጄ የምትይዘው የሁለት ጣት ጫፍ ብቻ የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የክንድ ጉልበት አያወጣም። የጫማው ጎማ አለቱን የሚይዘው ክብደት ሲጫነው ነው፤ ሰው ሲፈራ ደግሞ ደረቱን አለቱ ላይ ይለጥፋል፣ በእጁ ይንጠለጠላል፣ ክብደቱን ከእግሩ ያነሣል፣ እግሩም ያን ጊዜ ይከዳዋል። ሰባቱንም ጊዜ የወደቅሁት እንዲሁ ነበር።

ቅዳሜ ግን አልፈራሁም። እግሬን አሳረፍሁ፣ ዳሌዬን ከአለቱ ትንሽ አራቅሁ፣ በዝግታ ተነሣሁ፤ እግሬም ያዘልኝ። ከስር ድንጋዩ ሲሸከመኝ ተሰማኝ። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ወደሚቀጥለው መያዣ ቀኝ እጄን ስዘረጋ፣ ግራ እጄ ከስንጥቁ ወጣች። ወደ ታች ስትወርድ ሦስተኛው ብሎን ላይ የተንጠለጠለውን፣ ገመዱን ከብሎኑ ጋር የሚያገናኘውን ባለጥብጣብ ማያያዣ አገኘችው፤ ሁለት ጣቶቼ ጥብጣቡ ላይ አረፉ። ከዚያ ቀኝ እጄ ከላይ ያለውን መያዣ ጨበጠች፤ ግራ እጄም ተነሣች። ነገሩ ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ጣቶቼ ነኩት ወይስ ሳቡት የሚል ነው። ሌሊት ተኝቼ ግራ እጄን እያነሣሁ እሞክረዋለሁ። አንዳንዴ ጥብጣቡ ሲወጠር ትዝ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከእጄ ስር ልል ሆኖ ሲወዛወዝ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም እኩል እውነት ይመስሉኛል።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ የሚገባችሁ ቀዩን ነጥብ ስታስታውሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን ውስጥ ፍራንከንዩራ በሚባለው አካባቢ ኩርት አልበርት የተባለ አለት ወጪ በብረቶቹ ላይ ሳይንጠለጠል፣ ሳይስባቸውና ሳይረግጣቸው በገዛ እጅና እግሩ ብቻ የጨረሰው የአለት መውጫ መስመር ስር ቀይ ነጥብ መቀባት ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አንድ መስመር «ተወጣ» የሚባልበት ደንብ ከዚያች ነጥብ የመጣ ነው። ብረቱና ገመዱ የሚፈቀዱት የሚወድቅን ሰው እንዲይዙ እንጂ የሚወጣን ሰው እንዲያነሡ አይደለም።

ይህን ሳስብ ደብረ ዳሞ ትዝ ይለኛል። እዚያ ገዳሙ ያለበት አምባ ላይ የሚወጣው ሰው ገደሉ ላይ የተንጠለጠለውን የጠፍር ገመድ በእጁ ይዞ፣ ወገቡን በሌላ ገመድ ታስሮ፣ መነኮሳቱ ከላይ እየሳቡት ነው። ገመዱ መንገድም በርም ነው፤ ከስንት መቶ ዓመት ጀምሮ ያንን ገመድ የሳበ ሁሉ ወጥቷል፤ ማንም «አልወጣህም» አይለውም። ሴት ስለማይፈቀድላት እኔ ያንን ገመድ ጨብጬው አላውቅም። ነገር ግን የአባቶቻችን ገመድ ለመሳብ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ እኔ አንድ ጥብጣብ ነካሁ ብዬ እንቅልፍ ማጣቴ… አይሆንም፣ ማነጻጸሩ ልክ አይደለም። እዚያ የሚሄደው ሰው ለመድረስ ነው፤ እኔ ግን አናቷ ላይ ለመድረስ ብቻ ቢሆን በስተጀርባ ያለውን የፍየል መንገድ ይዤ በአምስት ደቂቃ እደርስ ነበር።

ጋሼን ጠይቄያቸዋለሁ፤ በቀጥታ ግን አይደለም። «ሦስተኛው ላይ ሳለሁ ያዩኝ ነበር?» አልኋቸው። «ፀሐይዋ በአለቱ አናት ብቅ ብላ ዓይኔን ወጋችው» አሉኝ፤ «ግን እጄ ከገመዱ ላይ አልተነሣም፤ ገመዱም አንዴ እንኳ አልከበደኝም። ምን ትጠራጠሪያለሽ?» ዝም አልሁ። ገመዱ እንደማይከብዳቸው አውቃለሁ፤ ማያያዣውን በእጅ የሚስብ ሰው ክብደቱ ብሎኑ ላይ እንጂ ገመዱ ላይ አያርፍም። ስለዚህ የእርሳቸው እጅ ምስክር ሊሆነኝ አይችልም። ይህንን እርሳቸውም ያውቁታል፤ በዚያች ሰዓት ግን ደስታቸው ይህንን እንዲያስቡ አልፈቀደላቸውም።

ደስታውስ የእኔም ነበር። አራተኛውን አልፌ አናቷ ላይ ስቀመጥ፣ ከከተማው ማዶ ሐይቁ ገና ጭጋጉን ሳይጥል፣ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች እንደ ቅንጣት ሲታዩኝ፣ ዕንባዬ መጣ። ያ ዕንባ ውሸት አልነበረም። ቀኝ እግሬም አልዋሸችም፤ ሰባት ጊዜ የከዳችኝ ቦታ ላይ ቆማለች፤ ማንም ይህንን አይወስድብኝም። ጥያቄው ያለው ግራ እጄ ላይ ብቻ ነው… ወይም ምናልባት እግሬ የቆመችው ግራ እጄ ስለረዳቻት ነው። ይኸው፣ እንደገና ጀመርሁ።

አሁን የጨነቀኝ ጋሼ የቀይ ቀለም ጣሳና ትንሽ ብሩሽ መግዛታቸው ነው። እነዚያን አራት ብሎኖች በገዛ እጃቸው አለቷን በስተው ሲተክሉ፣ ከመካከላችን የመጀመሪያው ሰው ሲወጣት ከስሯ ነጥቡን እንደሚያሳርፉ ነግረውን ነበር። በመጪው ቅዳሜ ሊቀቡት ነው። «አንቺው ራስሽ ትቀቢዋለሽ» ብለውኛል።

ዘጠነኛ ጊዜ ልውጣት ብል ለምን ይሉኛል። ምክንያቱን ብነግራቸው ደግሞ፣ «ነካሁት» ማለት እችላለሁ፤ «ሳብሁት» ማለት ግን የማላውቀውን መመስከር ይሆንብኛል። ይህንን ክፍል ከመልቀቄ በፊት ቤታቸው ሄጄ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ትናንት ከሥራ ስወጣ በሰፈራቸው በኩል አለፍሁ፣ መብራቱም በርቶ ነበር፣ አልገባሁም።

ጋሼ እኔን የሚያዳምጡኝ ዓርብ ማታ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነው። እንግዲህ እስከዚያ…