ቡናማ የሌለበት ዓለም

ሰላም አድማጮች፣ ከጅማ ነው። የዛሬው ወሬ ስለሌለ ሕዝብ ነው፤ ሌላ ፕላኔት ላይ ስለምንፈጥረው ሕዝብና ቀለም ለነሱ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል።

ልብ ወለድ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሥራው ከመጨረሻው ይጀመራል። «እነሱ ዘንድ ሐዘን ቢጫ ነው፣ ቁጣ አረንጓዴ ነው» ይባልና ይታለፋል። አንባቢ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልስ የለም፤ የኛኑ ቀለም አገላብጦ መለጠፍ ብቻ ነው። በኔ ግምት ቀለም ትርጉም የሚያገኘው ከሰማይ፣ ከሆድ እና ከኪስ ነው።

ከሰማዩ ልጀምር። የፀሐያችን ገጽ ሙቀት ወደ 5,800 ኬልቪን ነው፤ ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ነው። ቀይ ድንክ የሚባሉት ትንንሽና ቀዝቀዝ ያሉ ኮከቦች 3,000 አካባቢ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፕላኔት እንዳላት የታወቀው፣ 4.2 የብርሃን ዓመት የምትርቀን ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከነሱ አንዷ ናት። ታዲያ «ኮከቡ ቀይ ከሆነ ሁሉም ነገር ደም ይመስላል» የሚሉ አሉ። አይመስልም። የድሮው፣ ክር ያለው አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን ገደማ ነው፤ በሱ ሥር እንጀራ ቀልቶብን አያውቅም፣ ዓይን ይለምደዋላ። የሚጎዳው ሰማያዊ ነው። አንድ ጥቁር ክርና አንድ ጥቁር ሰማያዊ ክር ውሰዱ፤ ማታ ደከም ባለ አምፖል ሥር ለመለየት ሞክሩ፣ ከዚያ ጠዋት ደጅ አውጥታችሁ እዩአቸው። ዓይናቸው እንደኛ ከሆነ የፈጠራችሁት ሕዝብ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ አምፖል ሥር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ባንዲራ ካሰባችሁላቸው ተዉት፣ ከሩቅ ጥቁር ሊመስል ይችላል።

ዓይናቸው እንደኛ ባይሆንስ? ብርሃን በሞገዱ ርዝመት፣ በናኖ ሜትር ይለካል፤ እኛ የምናየው ከ380 እስከ 700 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ንብ ቀይን አታይም፤ በምትኩ ለኛ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ታያለች። የ3,000 ኬልቪን ኮከብ ከሁሉም አብዝቶ የሚረጨው ብርሃን 970 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዓይናቸው እስከዚያ ቢዘልቅ አይገርምም። ግን አደራ፣ ይህ የገላ ሙቀት ማየት አይደለም። የገላ ሙቀት 10,000 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፣ አሥር እጥፍ ይርቃል። «በጨለማ ትኩሳቱን አየችበት» የሚል ትዕይንት ካለ ይሰረዝ። በዚያ ዓይን የሚለወጠው ቅጠል ነው፤ የኛ ቅጠል ያን ብርሃን አጥብቆ ይመልሰዋል፣ አረንጓዴ የምንለው የጅማ ጫካ ለነሱ አመዳይ እንደወረደበት ነጭ ሊያበራ ይችላል።

ወደ ሆድ ስንመጣ፣ የነሱ ተክል ግን ሌላ ነው። ደካማ ብርሃን ሥር የሚበቅል ተክል ያገኘውን ሁሉ ለመምጠጥ ጥቁር ሊሆን ይችላል ብለው የሚገምቱ ሳይንቲስቶች አሉ። እንደዚያ ከሆነ ጥቁር ማሳ ጥጋብ ነው፣ የነጣ ማሳ ረሃብ። ይሄ እንግዳ የሚመስለው ካለ ሩቅ አይሂድ። በአማርኛ ጥቁር ለበሰ ስንል ሐዘን ላይ ነው ማለታችን ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ዋቃ ጉራቻ፣ ጥቁሩ ፈጣሪ ይባላል፤ ዝናብ ያዘለ ሰማይም ጥቁር ነው። ሁለቱም እዚሁ ጅማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ማንም አይደናገርም። በፈጠራው ሕዝብ ግን ሚሊዮኖች በአንድ መዝገበ ቃላት ሲስማሙ እናነባለን። ይሄ ነው ከሁሉም የሚያናድደኝ።

የኪሱ ነገር አጭር ነው። የጥንቱ ወይን ጠጅ ቀለም የነገሥታት የሆነው በውበቱ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ፓውል ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት 12,000 የባሕር ቀንድ አውጣ ተጠቅሞ ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ነበር። አፈሩ እንደ ጅማ አፈር ብረት የበዛበት ቀይ በሆነበት ፕላኔት ላይ ቀይ ካባ ለንጉሥ ማልበስ አይሆንም፣ ማንም እረኛ ጭቃ ቀብቶ ይነግሣላ።

ስሙንም እዩት። ሰማያዊ ከሰማይ ነው፣ ቡናማ ከቡና። ቡና በሌለበት ዓለም ቡናማ የሚል ቃል ሊኖር አይችልም፤ ተራኪው ካልተጠነቀቀ ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሾልኮ ይገባል። ለከብት ዳልቻ፣ ለሽበት ገብስማ እንደምንለው፣ እነሱም ለአንድ ነገር ብቻ የሚውል የቀለም ስም ይኑራቸው።

አሁን አንድ ላይ እናድርገው። ለኮከባቸው ቅርብ የሆኑ ፕላኔቶች፣ ጨረቃ ለኛ እንደምታደርገው፣ አንድ ፊታቸውን ብቻ ወደ ኮከቡ ሊያዞሩ ይችላሉ። በዚያ ፀሐይ አትወጣም፣ አትጠልቅም፤ ቆማለች። በብርሃንና በጨለማ ድንበር ላይ ያለ ሰው ብርሃኑን የሚያገኘው በአግድም፣ በወፍራም አየር አልፎ ነው፤ እንደ ሰማያዊ ያለው አጫጭሩ ሞገድ በመንገድ ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። ወደ ቀን በሄደ ቁጥር ይነጣል። ስለዚህ እዚያ ቀለም አቅጣጫም ነው። «ወደ ቀይ ሄደ» ማለት ወደ ብርዱ ሄደ፣ ሲጠና ደግሞ ሞተ።

ይህ ልክ መሆኑን ለመፈተን ዝርዝር አትጻፉ፤ ጠብ ጻፉ። ከቀኑ ወገን የመጣ ነጋዴ ለሠርግ ቀይ ጨርቅ ይዞ ድንበር ላይ ያለ ቤት ይገባል። በሱ አገር ቀይ የሩቅ መንገደኛ፣ የደፋር ቀለም ነው። የሙሽራዋ እናት ትቀበለዋለች፣ ታመሰግነዋለች፤ ከዚያ ማንም ሳያያት ጨርቁን አጥፋ ጥቁር እህል ያለበት ጎታ ውስጥ ትከተዋለች።