ናሙናው ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀር፦ የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ከየወረዳው ክሊኒክ የመጣችሁልን ባለሙያዎች፣ በረታችሁን ከፍታችሁ ያስተማራችሁን አርቢዎች፣ ውድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ማኅበር አባላት፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልን ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ዝርዝር ሪፖርቱን ዋና ጸሐፊው ስለሚያቀርቡት እኔ ፈጠን ብዬ ልለፈው። ከብት ልንመረምር በባሕር ዳር ዙሪያ ወዳሉት ዘንዘልማ፣ ሰባታሚትና መሸንቲ፣ የጣና ውኃ ሲሸሽም እስከ ፎገራ ሜዳ ወጥተናል። አዲስ ገቢዎች የከብት አያያዝ ሠልጥነዋል። የጡት በሽታ ምርመራን ደግሞ ዛሬ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ያለ ረዳት ይሠሩታል፦ የመጀመሪያውን እልበት ይደፋሉ፣ ከአራቱም ጡት ወደ መመርመሪያ ሳህኑ አራት ጉድጓዶች ለየብቻ 2 ሚሊ ሊትር ያልባሉ፣ እኩል መጠን መመርመሪያ ፈሳሽ ይጨምራሉ፣ ሳህኑን እያሽከረከሩ በ10 ሴኮንድ ገደማ ውጤቱን ያነብባሉ። የሳህኑ እጀታ ወዴት እንደዞረ መያዝንም አይረሱም፤ እጀታው ከዞረ የታመመው የኋላ ግራ ጡት የፊት ቀኝ ሆኖ ይመዘገባልና። በእነዚህ ልጆች እኮራለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አስፈጻሚውን እንቅልፍ ወደ ነሣው ጉዳይ ልግባ።

ሁለት ወገን ሆነናል። አንደኛው ወገን የጥርና የሰኔ ፈተና ሲቃረብ ወደ አርቢዎች በረት የምንሄድበት የቅዳሜው መውጫ ይቁም ይላል። ሁለተኛው አንድም ቅዳሜ እንዳይዘለል ይላል። የመጀመሪያዎቹን ሰነፎች የሚሏቸው አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ፓራሳይቶሎጂ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ በአንድ ሳምንት የሚፈተን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ያለበት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ከፊቱ የተደቀነበት ተማሪ፣ ቅዳሜን ሙሉ ገመድ ይዞ ቆሞ ቢውል ማዘኑ ተገቢ ነው። አሥራ ሁለት ሰው አንዲት ላም ከብቦ ሲቆም እጁን የሚያሳርፍባት ሁለት ሰው ብቻ ነው። የቀረው ፀሐይ ሞቆ ይመለሳል። ይህ የአደረጃጀት ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ የሥራ አስፈጻሚው ነው።

ነገር ግን በሁለቱ ወገኖች ክርክር መሀል ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፦ ወጥተን ያመጣነው ናሙና የት ደረሰ?

በጥር ፈተና ሰሞን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደም ተቀዳ፣ ፋንድያ ተሰበሰበ፣ ከሰዓት ሁሉም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠ። ቱቦዎቹ እስከ ሰኞ ጠረጴዛ ላይ ሰነበቱ። ሰኞ አንድ ሰው መጥቶ አየና መዝገቡ ላይ “ገንዲ አልተገኘም” ብሎ ጻፈ።

ወገኖቼ፣ ይህ ውጤት አይደለም። በጣና ዙሪያ የምናየውን ገንዲ በዋናነት የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው የደም ተውሳክ ነው፤ የቆላ ዝንብ (ፄፄ) በሌለበት አገርም ደም መጣጭ ዝንቦች በአፋቸው ከከብት ወደ ከብት ያደርሱታል። በባፊ ኮት፣ ማለትም ደሙ ሲሽከረከር ከቀዩ በላይ በሚወጣው ነጭ ሽፋን ላይ ስንፈልገው የምናውቀው በእንቅስቃሴው ነው፤ መስኩን ቀስት እንደ ተወረወረ አቋርጦ ያልፋል። ከእንስሳው ከወጣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ በዚህ ዘዴ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሥራው የዚያኑ ዕለት ነው፦ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ባለበት ቱቦ ተቀድቶ በበረዶ ሣጥን ይመጣል፣ ሄማቶክሪት የሚባለው ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሦስት አራተኛው ተሞልቶ አንድ ጫፉ ይደፈናል፣ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ይሽከረከራል፣ ፒ.ሲ.ቪ.፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የያዙት ድርሻ፣ ይነበባል። 24 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ላሟ ደም አንሷታል። ቀጥሎ ቱቦው ከነጩ ሽፋን 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰበራል፣ ነጩና የቀዩ አናት ብርጭቆው ላይ ይወጣል፣ በ40 ሌንስ ይታያል። እንደ ብዙዎቻችን ልማድ ልክ ነጩ ላይ የሰበረ ሰው የሚፈልገውን ትል መሰል ተውሳክ ቱቦው ውስጥ ትቶ ባዶውን ያያል።

ፋንድያውም እንዲሁ ነው። ሞቃት ክፍል ውስጥ የዋለ ፋንድያ ላይ የጨጓራና የአንጀት ትሎች እንቁላል ይፈለፈላል፣ ማክማስተር በሚባለው መቁጠሪያ የምናደርገው የእንቁላል ቆጠራ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ እኛም “ቀላል ነው” ብለን እንጽፋለን። 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። የጉበት ትል እንቁላል በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ግን ከባድ ስለሆነ በጨው ውኃ አይንሳፈፍም፣ ማዝቀጥ ይፈልጋል። 3 ግራም ፋንድያ በ40 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በሻይ ማጥለያ ይጠልላል፣ 5 ደቂቃ ይዘቅጣል፣ የላዩ ቀስ ተብሎ ይደፋል፣ በ5 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ሌላ 5 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ፣ ሰማያዊው ማቅለሚያ። ዙሪያው ሰማያዊ ሲሆን የጉበት ትሉ እንቁላል ወርቃማ ሆኖ ይቀራል። ጠቅላላው ከሩብ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ የተቻኮለ ግን ሁለተኛውን 5 ደቂቃ ይዘልላታል፣ እንቁላሉንም ከውኃው ጋር ይደፋዋል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በረት ውስጥ ነው። ላማቸውን አስይዘው፣ የጠዋቱን እልበት አዘግይተው፣ ከላሟ ደም ሲቀዳ የታገሡ እናት ውጤቱን ይጠብቃሉ። ሲዘገይባቸው “ልጆቼ፣ ምን ሆነች አላችሁኝ?” ብለው ለሚቀጥለው ቡድን ይጠይቃሉ። የሚቀጥለው ቡድን አያውቅም። በሦስተኛው ጊዜ በሩ አይከፈትም፤ አይፈረድባቸውም። ሁለት መንደር እንዲህ ሆኖብናል፤ የመንደሮቹን ስም እዚህ አላነሣም፣ ጥፋተኞቹ እኛ ነንና።

“ፈተናው ይቅደም” ለሚሉት አባሎቻችን አንድ ነገር ላስረዳ። ውኃው ከፎገራና ከደንቢያ ሜዳ ሲሸሽ ከብቱና በጉ እርጥቡን ሣር ተከትሎ ይወርዳል፣ ከቀንድ አውጣው የወጣውን የጉበት ትል እጭ እዚያው ይግጠዋል። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በግ ድንገት ቢሞትና ፋንድያው ላይ እንቁላል ቢጠፋ ምን ትላላችሁ? ትሉ ገና ጉበቱን እየበሳ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ስለሆነ ለዚህ በግ አይደርስለትም፤ ትናንሹንም የሚገድለው ትራይክላቤንዳዞል ነው፣ ለበግ በኪሎ 10፣ ለከብት 12 ሚሊ ግራም። ይህ የፈተና ጥያቄ ነው። ቅዳሜ ጉበቱን ከፍቶ ያየ ሰው ሰኞ ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም።

የመድኃኒት ስሌትም ያው ነው። 2.36 ግራሙ የገንዲ መድኃኒት፣ የዲሚናዚን ከረጢት 1.05 ግራም መድኃኒት ይዞ በ15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይሟሟል፣ 300 ኪሎ ለምትመዝን ላም ይበቃል፤ ለ20 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 250 ኪሎ ለሆነች 12.5 ሚሊ ሊትር። መንደር ውስጥ ግን አንዱ ከረጢት ለሁለት ላም ይከፈላል፣ ወይም በዐይን ግምት ይሰጣል። ከመጠን በታች የተሰጠ መድኃኒት የተረፈውን ተውሳክ ያስለምደዋል። የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ሣጥናችን ውስጥ አለ፤ ለክተን ለክሊኒኩ ባለሙያ መንገር የእኛ ድርሻ ነው፣ ማዘዙ የእሳቸው።

ስለ ሣጥኑ ካነሣሁ ገንዘቡንም ላንሣ። ሄማቶክሪት ቱቦ፣ መድፈኛ፣ ሜቲሊን ብሉ፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጓንት፤ እነዚህ ሁሉ በአባላት መዋጮ ይገዛሉ። መዋጮው ከመጋቢት ወዲህ ጓንት እንኳ መግዛት አልቻለም። የእንግዴ ልጅ የቀረባትን ላም በባዶ እጅ የነካ ተማሪ እንዳለ ሰምቻለሁ። ይህን በቁጣ ሳይሆን በፍርሃት ነው የምናገረው፤ ላሟ ከታመመች ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ በእንግዴ ልጁና በፈሳሹ ሞልቶ ይገኛል፣ የያዘው ሰው ለወራት በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ይማቅቃል። ጓንት ከሌለ አትንኩ። ባለቤቱ ቢለምናችሁም አትንኩ።

ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ያልተቀመጡ አባላት አሉ። ስማቸው በመውጫ መዝገቡ ላይ በየሳምንቱ አለ፣ ለልምምድ ደብተራቸው ፊርማ ሲፈልጉም ይመጣሉ። ቱቦ ሲታጠብ፣ ውጤት ሲመለስ፣ መዋጮ ሲሰበሰብ ግን አይታዩም። እዚህ ያላችሁ ጓደኞቻቸው ማታ ዶርም ስትገናኙ ይህን ንገሩልኝ፦ አልተቀየምናችሁም፣ ቦታችሁ አልተወሰደም፣ ግን ያላያችሁትን ላም ፊርማ አናጽፍላችሁም።

ጉባኤው እንዲወስን የማቀርበው ይህ ነው። ቡድኑ ከአራት ሰው አይብለጥ፤ አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይመርምር፣ አንዱ ናሙና ይውሰድ፣ አንዱ ይጻፍ፣ በየበረቱ ይቀያየሩ። መውጫው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይሁን። ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ናሙናው ላይ፣ ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የጥናት ነው። በፈተና ሰሞን የቡድኖቹ ቁጥር በግማሽ ይቀነስ፣ መውጫው ግን አይቁም። ናሙና የማይታይበት ቅዳሜ ናሙና አይወሰድ፤ ሙቀት፣ ትርታ፣ ትንፋሽና የጨጓራ እንቅስቃሴ ለክቶ መመለስ በቂ ነው። ውጤቱ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ በክሊኒኩ ባለሙያ በኩል፣ በጽሑፍ፣ ለባለቤቱ ይድረስ። ደብተር የሚፈረመው ይህ ሲደርስ ነው።

ሁለቱ መንደሮች ጋር ተመልሶ ይቅርታ የሚጠይቅ ቡድን ያስፈልገናል። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው፤ ሦስት ሰው ይቀራል፣ ወረቀቱ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ይገኛል። ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል፤ ዋና ጸሐፊ፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።