እስኪ ይቺን ቃል አንብቢልኝ

ውድ ወላጆች፣ መምህራን፣ መጋቢ እናቶች፣ እንደምን አደራችሁ? በእሁድ ጠዋት ስንት ሥራ እያለባችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረታችን (ወተመህ) ሰብሳቢ ሆኜ ሳገለግል ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስትመርጡኝ ሥራው መዋጮ መሰብሰብና የተጣላ ተማሪ ማስታረቅ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት አጥር ስናሠራ፣ ሽንት ቤት ስናሳድስ ከረምን። አስፈላጊ ነበር። ግን የዚያን ዓመት ቃለ ጉባኤ ባገላብጠው «ንባብ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አጣሁ።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። እረፍት ሰዓት ላይ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ የአማርኛ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እንደ ውኃ ታንቆረቁረዋለች። ደስ አለኝ። ገጹ መሀል ላይ ጣቴን አስቀምጬ «እስኪ ይቺን ቃል አንብቢልኝ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር ተነስታ፣ በለሆሳስ እያነበነበች፣ ጣቴ ጋ እስክትደርስ መጣች። «ወንዝ!» አለችኝ። ገጹን በሙሉ ሸምድዳው ኖሯል።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ያን ሁሉ በቃሏ የያዘች ልጅ እንዴት ሰነፍ ትባላለች? ጣቱን መሀል ላይ አስቀምጦ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጣለን። በ2014 ዓ.ም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ደረሱ። መሻሻል ነው፤ የቀሩት ግን አሁንም ከ90 በመቶ በላይ ናቸው። እኔ እንደማምነው ብዙዎቹ ወደ ኋላ የቀሩት 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አይደለም። እዚያ ዛፍ ሥር ነው።

ስለዚህ ከዓምና ጀምሮ የወርሃዊ ስብሰባችን የመጀመሪያ አጀንዳ ንባብ ሆኗል። ስም መጥሪያውንም እናያለን። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ከመካከላችን አንዱ ቤቱ ይሄዳል። አንዱን ልጅ ታናሽ እህቱን ታቅፎ አገኘነው። እናቱ ገበያ ሄዳለች፤ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው የለም። ጎረቤት አነጋግረን ልጁ ተመለሰ። ትምህርት ቤት የሚመገቡት ቁርስና ምሳ ልጆቻችንን ግቢው ድረስ ያመጣልናል። ግቢ ከገቡ በኋላ ያለውን መከታተል ግን የእኛም ሥራ ነው።

«በሰው ሥራ ጥልቅ አትበሉ» የሚለን አለ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እኮ ትምህርት ቤት ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመራ ይል ነበር። መጠየቅ መብታችን ነው። መምህርን በሰው ፊት ማሳጣት ግን መብታችን አይደለም። ዓምና አንድ ጊዜ አድርገነዋል፤ መምህርቷን ይቅርታ ጠይቀናል። 60 ልጅ ይዛ የምትውል ሴት መጀመሪያ «ምን እናግዝሽ?» ልትባል ይገባል።

ዛሬ ሁለት ክፍት ቦታ አለን። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል እናቶች ብትገቡልን ደስ ይለኛል። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ማታ ልጃችሁ ሲያነብላችሁ ጣታችሁን መሀል ላይ አስቀምጡ። ዝም ካለ፣ ጠዋት መጥታችሁ ንገሩን። እሺ፣ አሁን ወደ ጥቆማው እንግባ።