ስማችሁ ሲጠራ፦ በደሴ በ2017 ዓ.ም. የወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አባቶች ካህናት፣ ሲስተሮች፣ የሰፈራችን ሸኾች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ ደግሞም ዛሬ ካርዳችሁን የምትቀበሉ ልጆቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ሰኔ ነውና ሰማዩን አላምነውም። ከድንኳኑ ጠርዝ ያላችሁ እናቶች እባካችሁ ወደ መሃል ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ሕፃናቱንም ወደ ፊት አሳልፏቸው።

የቆምኩት «ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ተናገሪ» ተብዬ ነው። ሪፖርቱን ርእሰ መምህራችን አቅርበውላችኋል፤ ስለ ተጠገነው ዴስክም፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ስለ ተገዛው መጽሐፍም ሰምታችኋል። እኔ የማውቀው ስም መጥራት ነው። ምክትል ርእሰ መምህርት ከሆንኩ በኋላም የጠዋቱን ስም መጥሪያ ደብተር ከእጄ አልለቀቅኩም። ስለዚህ ዓመቱን የምነግራችሁ ከዚያ ደብተር ነው።

ደሴን በመስከረም ታውቋታላችሁ። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ግቢያችንን ሲሞላው ሰልፍ ላይ ሦስተኛው ረድፍ አይታይም። ሰንደቅ ዓላማው ሲወጣ ገመዱን እንጂ ጨርቁን አናይም። እኔ ስም እጠራለሁ፤ ከጉሙ ውስጥ «አቤት» ይመጣል። ቀጭኑም፣ ጎርናናውም፣ ጉንፋን የያዘውም። ፊቱን ሳላይ ከድምፁ ብቻ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ ማን ሲያለቅስ እንዳደረ እለያለሁ።

ይህን ደብተር እንዲህ የምወደው ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማችን ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ እኛም ተበተንን። ወደ ግቢያችን ስንመለስ በሮቹ የሉም፣ ዴስኩ ማገዶ ሆኗል። የስም መጥሪያው ወረቀት ጭቃ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ከአንዲት ሲስተር ጋር አንድ በአንድ ለቅመን፣ ምጣድ አሙቀን በላዩ አደረቅነው። የእስክሪብቶው ቀለም ፈስሶ ስለነበር አንዳንዱን ስም በግምት ነው ያነበብነው። ትምህርት ሲጀመር ከዚያው ወረቀት ጠራሁ። አቤት ያላለ ስም ነበር። የአንዳንዱን ምክንያት በኋላ ሰማን፤ የአንዳንዱን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ደብተሩ ወሎን ይመስላል። የልጁ ስም የክርስቲያን ሆኖ የአያቱ ስም የሙስሊም፣ የልጁ የሙስሊም ሆኖ የአያቱ የክርስቲያን፣ በየገጹ አለ። የእናቴ አባት ሙስሊም ነበሩ፤ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ታላቅ እህቴ ኦርቶዶክስ አግብታ ኦርቶዶክስ ናት። ይህን ሰምቶ የሚገረም ሰው እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ የነበርነው ካቶሊካውያን 0.7 በመቶ ብቻ ነበርን፤ ወሎ ላይ ደግሞ ከዚያም እናንሳለን። ስለዚህ በራችን ላይ «ካቶሊክ» ተብሎ ቢጻፍም፣ ዴስኩ ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች ናቸው። ቅዳሴ የሚገባው የፈለገ ነው፤ ግብረ ገብ ግን ሁሉም ይማራል። አንድ አባት በምዝገባ ቀን «ልጄን ሃይማኖቱን ታስለውጡብኝ ይሆን?» ብለው በግልጽ ጠየቁኝ። ለአባት ተገቢ ጥያቄ ነው። «ሰላት ቢረሳ እኛው እናስታውሰዋለን» አልኳቸው። ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱትን በሩ ላይ ቆሜ ሸኝቻለሁ።

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ናት። የክፍሉ ብዙው ልጅ ከእናቱ ጋር አምባው ላይ ነውና ያን መቅረት አልለውም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ገጠር ዘመድ ያላቸው ለአጨዳ ይሄዳሉ። እነዚህን እናውቃቸዋለን፤ ይመለሳሉ። የሚያስፈራኝ ያለ ምክንያት ባዶ የሚሆነው ቦታ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ወሰንን፤ ሦስት ቀን አቤት ያላለ ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ እንሄዳለን። ስልክ አይበቃም። ከሆጤ እስከ ገራዶ፣ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ መንገዱን በእግራችን አወቅነው። አንዱ ታሟል፤ አንዱ ቤት ቀይሯል፤ የአንዱ አባት ሥራ ፈትተዋል። አብዛኛው በአንድ ቡና ተነጋግረን የሚያልቅ ነበር።

አንዱ ግን አላለቀልኝም። ታኅሣሥ ላይ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቀረች። ታሪኩን እንድናገር እናቷ ፈቅደውልኛል፤ ስሟን ግን አልናገርም። እናቷ ሰኞ ገበያ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ስንደርስ ቡና አፈሉልን። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ ስለ ብርዱ አወራን። በረካው ላይ ነው የተናገሩት። «መክፈል አቅቶኝ አይደለም ያስቀረኋት» አሉኝ። «ተበድሬም ቢሆን እከፍል ነበር። ልጄ ሰልፍ ላይ ስሟ ከዕዳ ጋር ተጠርቶ ነው የመጣችው። እማዬ፣ ከእንግዲህ እዚያ ግቢ ስሜ አይጠራ ብላ ለመነችኝ።»

ያንን ዝርዝር ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኅዳር መጨረሻ፣ በዚሁ ማይክሮፎን፣ «የወር ክፍያ ያልከፈሉ ተማሪዎች» ብዬ ስም በስም። በየዓመቱ የሚደረግ ስለነበር ክፉ ነገር የሠራሁ አልመሰለኝም። በየጠዋቱ አቤት እያለች የምትመልስልኝን ልጅ፣ በዚያው ድምፄ በጓደኞቿ ፊት አዋረድኳት። ዕዳው የእሷ አልነበረም። ልጅ ዕዳ የለበትም። በዚያ ዝርዝር የጠራኋችሁ ልጆች ዛሬ እዚህ አላችሁ፤ ወላጆቻችሁም አሉ። በሁሉ ፊት የጠራኋችሁን በሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። አፉ በሉኝ።

ወሎ ከእኛ በፊት ይህን ያውቅ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ተማሪ ሰብስበው ሲያስተምሩ የወር ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በጌታም፣ በዳናም፣ በጀማ ንጉሥም ደረሳው ኪታብ ሲቀራ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው። የሰማች እናት ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። ደጅ ላይ ስም የሚጠራው ተማሪ እንዲበላ ነበር። እኛ በማይክሮፎን የጠራነው ለሌላ ሆነ።

በዚያው በታኅሣሥ የወላጅ መምህር ኅብረቱን ሰበሰብን። ሁሉንም እንደሆነው ተናገርኩ። ፒያሳ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት ተነሥተው «ዝርዝሩን አታሳዩኝ» አሉ። «የማን ልጅ እንደሆነ ካወቅሁ ሰደቃው ይበላሽብኛል። የጎደለውን ብር ብቻ ንገሩኝ።» አጠገባቸው የነበሩት ካህን «ወንጌሉም ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል» ሲሉ፣ «በእኛም ሐዲስ አለ» ብለው መለሱ። ስብሰባው ከዚያ በኋላ ረጅም አልነበረም። አሁን የክፍያ ጉዳይ ከሰልፍ ወጥቷል፤ ለወላጅ ብቻ በታሸገ ፖስታ ይደርሳል። ገንዘብ ያዧ ክፍል ያለው ሳጥን ውስጥ ሰው የቻለውን ይከታል፤ ማን እንደከተተ አይመዘገብም፤ ለማን እንደዋለም ከሁለት ሰው በቀር አያውቅም።

ልጅቷ ጥር መጀመሪያ ላይ ተመለሰች። ሁለት ቀን ስሟን ስጠራ እጇን ብቻ አወጣች። አልተቆጣኋትም። በሦስተኛው ቀን ድምፅዋን ሰማሁ።

በዚያው ሰሞን የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከታችን አሥር ዓመት ሞላው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ከአዲስ አበባው ለይተው ያቋቋሙት ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጥምቀት ነው፤ ብፁዕ አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ። ይህን የማነሣው ወደ ሚያዝያ ስለምመለስበት ነው።

የካቲት ከደብተሩ ሁሉ የምወደው ገጽ ነው። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ቅዳሜ የካቲት 22። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከትንንሾቹ በቀር ምሳ ዕቃ የያዘ ልጅ ጠፋ። ስፖርት ክፍለ ጊዜን ወደ ጠዋት አዛወርነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ተደብቆ ዳቦውን ሲበላ አገኘሁት። «ምነው? ማን ከለከለህ?» ብለው፣ «ማንም። ጓደኛዬ ጾመኛ ነው፤ ካየኝ ምራቁ ይመጣበታል» አለኝ። ይህን ያስተማርነው እኛ አይደለንም፤ ከቤት ይዞት የመጣ ነው። ለዚያ ልጅ እናት፣ የት እንደተቀመጡ ባላውቅም፣ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ዒድ መጋቢት 21 ሆነ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ዘንድሮ ፋሲካው የሮምም የእኛም በአንድ ቀን ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ብዙው ተማሪ ገና ከበዓል አልተመለሰም። ረፋዱ ላይ፣ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ዘበኛችን ስልካቸውን እንደያዙ መጡ። «አላህ ያጥናችሁ» አሉኝ። «ትናንት በቴሌቪዥን ሲባርኩ አይቻቸው አልነበር?» ቅዱስ አባታችን ፍራንሲስ አርፈው ነበር፤ የ88 ዓመት ሰው ነበሩ። ከዚያ የሆነውን እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁት። ሮም ለሞተ ሰው ደሴ ላይ ለቅሶ ደረሳችሁን። ቆሎና ዳቦ ይዛችሁ፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጣችሁ። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ሲገባ፣ ካህኑ አባታችን መናገር አቅቷቸው እጅ ብቻ ይጨብጡ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ «ሀገረ ስብከታችንን ያቋቋሙ» እያልን የጠራናቸውን አባት የእናንተም እንዳደረጋችኋቸው አልረሳውም።

በዚያው ሳምንት ለስምንተኛ ክፍሎች፣ ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አቡዳቢ ላይ ከአል-አዝሃር ታላቁ ኢማም አሕመድ አል-ጠይብ ጋር የሰው ልጆችን ወንድማማችነት ሰነድ መፈረማቸውን ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ «ከዚያ በፊት ወንድማማች አልነበሩም?» አለኝ። የወሎ ልጅ ጥያቄ ነው፤ ደስ አለኝ። በዚያ ግን አልተውኩትም። አብሮ መኖርን ከአያቶቻችን ወርሰናል ብለን ስንረካ፣ ልጆቻችን ማታ ማታ በስልክ የሚሰሙትን ስድብ እንረሳለን። ቲክቶክ ላይ ሃይማኖት ሲሰደብ ሰምቶ የመጣ ልጅ ግቢያችን ውስጥም ሞክሮታል። ስልኩን እናንተ ናችሁ የገዛችሁለት፤ ምን እንደሚሰማበት ጠይቁት።

ሚያዝያ 30 ቀን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ተመረጡ። በሒሳብ የተመረቁ መሆናቸውን የሰማው የሒሳብ መምህራችን ሳምንቱን ሙሉ በሌላ ጉልበት ነው ያስተማረው።

ስለ ፈተና አላበዛም። ባለፈው ዓመት በአገር ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ አልመጣም፤ እያነበበ ሳይገባው ካለፈው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው የጀመረው። ክረምቱን በየማታው አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ማንበብ የማትችሉ ወላጆችም ብትሆኑ ተቀምጣችሁ ስሙት፤ ሲንተባተብ ጆሯችሁ ያውቀዋል።

በክልላችን ዓመቱን ደወል ሳይሰሙ ያሳለፉ ልጆች አሉ። ጥቂቶቹ ከገጠር ወደ እኛ መጥተዋል፤ ከእድሜያቸው በታች ካሉት ጋር ተቀምጠው ይማራሉ። «ሽማግሌው» የሚል የቅጽል ስም ወጥቶላቸው ሰምቻለሁ። አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ ባላት ከተማ ይህ አይገባም። እቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን በዚህ ላይ አናግሯቸው፤ በስማቸው ይጥሯቸው።

አንድ ልመና ቀርቶኛል። ነገር ሲከብዳችሁ፣ ልጁን ከማስቀረታችሁ በፊት ኑ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ክረምቱን ሙሉ ቢሮ አለሁ፤ ቡናም ይኖራል። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር አዲስ ደብተር እንከፍታለን። ዘንድሮ ሄደን ያላገኘናቸውን ልጆች ስም አልሰረዝኩም፤ ወደ አዲሱ ገልብጬዋለሁ። ጎረቤታችሁ የሆነ፣ የት እንደገባ የምታውቁት ልጅ ካለ ንገሩኝ።

እንግዲህ ካርድ እንስጥ። ከሙአለ ሕፃናት እጀምራለሁ። ልጆች፣ ስማችሁ ሲጠራ ከተቀመጣችሁበት ተነሡና አቤት በሉ። ዝናቡ ድንኳኑን መምታት ከጀመረ ጮክ በሉልኝ፤ ካልሰማኋችሁ ደግሜ እጠራለሁ።